በሬ ሸጣችሁ ኤምአርአይ ከማስነሳታችሁ በፊት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አፉን አልፈታ ያለ፣ ትምህርት አልገባው ያለ፣ ወይ ደሞ ድንገት እየወደቀ የሚንፈራገጥ ልጅ ያለው አባት ዞሮ ዞሮ የሚነገረው አንድ ቃል አለ፣ ኤምአርአይ፣ የአንጎልን ፎቶ የሚያነሳው ማሽን። ከመሐል ሜዳ ይሁን ከሞላሌ ወይ ከእነዋሪ ተነስቶ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ይመጣል፣ ከዛ 130 ኪሎ ሜትር ቀጥሎ አዲስ አበባ ይገባል፣ በሬ ተሽጦ ወይ የእቁብ ብር ተለምኖ የልጁ ጭንቅላት ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ደሞ የሚሰጠው መልስ "ንጹህ ነው፣ ምንም የለውም" የሚል ነው። ደስ ብሎት ይመለሳል ግን ልጁ ያው ነው። ክፉው ነገር የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ማሽኑ ምንም የለውም ካለ እንግዲህ ጥፋቱ ወይ የልጁ ነው፣ ሰነፍ ነው አውቆ ነው ይባላል፣ ወይ ደሞ የእናትየው ነው።

የአንጎል ፎቶ ንጹህ ነው ማለት ልጁ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ይሄን ለማሳየት አንድ በሽታ ልጥቀስ፣ 22q11.2 ዴሊሽን ሲንድረም ይባላል፣ በቁጥሩ ለመጥራት ስለሚከብድ ብዙ ሀኪም ዲጆርጅ ይለዋል። ሰው ከእናትና ካባቱ የሚወርሳቸው፣ ዲኤንኤ የተጠቀለለባቸው 23 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉት፣ በዚህ ሲንድረም 22ኛው ጥንድ ውስጥ አንደኛው ላይ ትንሽ ቁራጭ ይጎድላል። ትንሽ ስል በማይክሮስኮፕ እንኳ በቀላሉ የማይታይ ነው፣ ግን በብዙዎቹ ላይ 3 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደልና ከ40 በላይ ጂን፣ ማለትም ሰውነት የሚሠራበትን መመሪያ፣ ይዞ ነው የሚሄደው። አንጀሎ ዲጆርጅ የሚባል አሜሪካዊ ሀኪም በፈረንጆች 1965 ሰውነት ኢንፌክሽን እንዲከላከል የሚረዳው ታይመስ የሚባለው እጢ ስለሌላቸው ህፃናት ተናገረ፣ በ1978 ደሞ ሮበርት ሽፕሪንትዘን ላንቃቸው፣ ልባቸውና ፊታቸው ላይ ምልክት ስላላቸው ልጆች ጻፈ፣ ሁለት የተለያየ በሽታ ይመስል ነበር፣ 90ዎቹ ላይ ነው የአብዛኞቹ መነሻ ያ አንድ ጎደሎ መሆኑ የታወቀው። በተቆጠረባቸው ሀገሮች ከ2,000 እስከ 6,000 ከሚወለዱ ልጆች አንዱ ላይ ይገኛል። ብርቅ ይባላል እንጂ ያን ያህልም ብርቅ አይደለም።

ወደ አንጎሉ ልምጣ። ኢኒግማ የሚባል የብዙ ሀገር ተመራማሪዎች ህብረት አለ፣ በየሆስፒታሉ የተነሱ የአንጎል ፎቶዎችን ሰብስቦ በአንድ መለኪያ ይለካል። በአንዱ ጥናታቸው ይሄ ሲንድረም ያለባቸው 474 ሰዎች ከሌለባቸው 315 ጋር ተወዳደሩ፣ በ2020 በወጣው ሌላኛው ደሞ 533 ከ330 ጋር። የተገኘው ነገር ግልጽ ነው፣ የላይኛው የአንጎል ሽፋን ስፋቱ ያንሳል፣ ውፍረቱ ግን በብዙ ቦታ ይጨምራል፣ ውስጥ ካሉት ክፍሎች የስሜት ህዋሳትን መልእክት የሚያስተላልፈው ታላመስ፣ ትዝታን የሚይዘው ሂፖካምፐስ፣ ከፍርሃት ጋር የሚያያዘው አሚግዳላ አነስ ይላሉ፣ ፈሳሽ የሚይዙት ክፍተቶች ደሞ ይሰፋሉ። ያ ቁራጭ በመጉደል ፈንታ ተደግሞ የተገኘባቸው ሰዎች ሲታዩማ ሽፋኑ በተቃራኒው ሰፋ ያለና የሳሳ ሆኖ ተገኘ፣ ይሄ ለኔ በጣም የሚገርም ነው፣ አንጎላችን እናት ሆድ ውስጥ ሲሠራ የዚያን ቁራጭ መጠን እየቆጠረ ነው ማለት እኮ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ልዩነት ካለ ለምን የአንድ ልጅ ፎቶ ላይ አይታይም? ልዩነቱ የሚሊሜትር ክፋይ ስለሆነና የሚታየው የብዙ ሰው አማካይ ሲወሰድ ስለሆነ ነው። የሁለት ማሳ ገብስ ተወቅቶ ሲመዘን አንዱ በኩንታል ሊበልጥ ይችላል፣ ግን አንዲት ዛላ ቆርጬ ብሰጣችሁ ከየትኛው ማሳ እንደመጣች ማንም አያውቅም። ራጅ አንባቢው ሀኪም አልተሳሳተም፣ እጢ የለም፣ ደም የለም፣ ውሃ አልቋጠረም ነው ያለው፣ የተጠየቀውም እሱን ነው። ኤምአርአይ አያስፈልግም ማለቴ ደሞ አይደለም፣ የአንድ ወገን እጅና እግሩ ከደከመ ወይ የሚጥለው ነገር ምክንያቱ ከጠፋ መነሳት አለበት፣ ይሄ ሲንድረም ያለባቸው አንዳንዶች ላይ የአንጎሉ እጥፋት ተዛብቶ በፎቶ የሚታይበት ጊዜም አለ። እኔ የምቃወመው በመጀመሪያ መሆኑን ነው፣ በሬው ከተሸጠ በኋላ ለሌላው ምርመራ የሚቀር ነገር የለማ።

ሌላው ምርመራ ያልኩት አሁን የምለው ነው። ልብ፣ ላንቃ፣ ታይመስና ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ፓራታይሮይድ እጢዎች ፅንሱ ገና ሳምንታት እያለ ከአንድ አካባቢ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ያ ቁራጭ ሲጎድል አብረው ይጎዳሉ። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ የልብ ችግር አለበት ተብሎ፣ ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ከወጣ፣ ሲያወራ ድምፁ በአፍንጫው ከሆነ፣ ኢንፌክሽን ከተመላለሰበትና ከእኩዮቹ ከዘገየ እነዚህ አምስት በሽታዎች አይደሉም፣ አንድ ላይ መታየት አለባቸው። እኛ ጋ ግን ልቡን አንዱ ያያል፣ ጆሮውን ሌላው ያያል፣ ትምህርቱን መምህሩ ያማርራል፣ ማንም አይደምረውም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ካልሲየሙ ነው። ፓራታይሮይድ ሲደክም ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይወርዳል፣ ካልሲየም ሲወርድ ጣቶች ይኮማተራሉ፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሰፈር ውስጥ ይሄ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፣ ክብሪት ይጫርና ጢሱን ያሸቱታል፣ ቡዳ ነው ይባላል፣ "ማን አየው፣ ማን ቤት ነበር" ተብሎ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል። ጤና ተቋም የደረሰውም የሚጥል በሽታ ተብሎ ኪኒን ብቻ ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ልጅ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ነው፣ ያውም በሀኪም ክትትል፣ ከመጠን ካለፈ ኩላሊት ይጎዳል። ይሄንን ለማወቅ ኤምአርአይ ሳይሆን ትንሽ ደም ነው የሚበቃው። ካልሲየሙ በህፃንነቱ ደህና ሆኖ በጉርምስና ጊዜ ወይ ሲታመም፣ ኦፕራሲዮን ሲደረግ ወይ ሴቷ ስትወልድ ሊወርድ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው የሚያንገበግበኝ እንጥል ማስቆረጥ ነው። ልጅ መዋጥ ሲያስቸግረው ወይ ጉሮሮው ሲታመም እንጥል ማስቆረጥ እኛ አካባቢ እስካሁን አልቀረም። ይሄ ሲንድረም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ ላንቃቸው ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል ግን ከስር ጡንቻው አልተገናኘም፣ ከላይ ይሄን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ እንጥሉ ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ነው፣ ቆራጩ ጋ ተወስዶ ተቆረጠ ማለት ሀኪሙ ሊያየው የሚችለው ምልክት ተቆርጦ ተጣለ ማለት ነው፣ መድማቱና መመረዙ ሳይቆጠር። እናቶች ሆይ፣ እንጥሉን አታስቆርጡት፣ አፉን ከፍታችሁ ለሀኪም አሳዩ።

ጠበሉንስ? ፃድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ልጇን አዝላ ለሄደች እናት ክፉ ቃል አይወጣኝም፣ እኔም የዚያ ሰው ነኝ። የምለምነው መድኃኒቱ ሱባዔ ተገብቶም እንዳይቋረጥ ነው፣ ካልሲየም የሚወስድ ልጅ ለሳምንት ቢያቋርጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሌላ ትርጉም ይሰጠውና ልጁ ይጎዳል።

የአንጎሉ ጥናት ለኛ ገበሬ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይጠቅማል፣ ጥፋቱን ከልጁና ከእናቱ ላይ ያነሳል። ልጁ ትምህርት የከበደው ሰነፍ ስለሆነ እንዳልሆነ፣ አንጎሉ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ በሌላ መንገድ እንደተሠራ ነው የሚያሳየው። ያ ቁራጭ የሚጎድለው ደሞ በአብዛኛው በአጋጣሚ ነው፣ ቦታው ዳርና ዳር ላይ የሚመሳሰሉ የዲኤንኤ ቅጂዎች ስላሉ የዘር ህዋስ ሲሠራ ተሳስቶ ይዘለላል። ሲንድረሙ ካለባቸው 10 ሰዎች የ9ኙ እናትም አባትም ጎደሎው የለባቸውም። እርጉዝ ሆና የበላችው፣ የተሸከመችው እንስራ፣ የረገማት ሰው፣ ያልፈጸመችው ስለት፣ አንዱም አይደለም። አማት ምራቷን "ከዘርሽ ያመጣሽው ነው" ስትል የሰማ ሁሉ ይሄን ይንገራት። ከወላጅ የተወረሰ ሲሆንም ከአባት ሊመጣ ይችላል፣ ሲንድረሙ ያለበት ወላጅ ለያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

መምህራንም ይሄንን ቢያውቁ ጥሩ ነው፣ ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከንባብ ይልቅ ሂሳብ ይከብዳቸዋል፣ ሲያወሩ ከሚመስሉት በላይ መረዳት ያዳግታቸዋል፣ ስለዚህ "አፍ አለው ጭንቅላት የለውም" ይባላሉ። ከጉርምስና በኋላ ደሞ ሌላ ጭንቀት አለ፣ ትልቅ ሰው ሲሆኑ ከአራቱ አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬንያ ወይ የሱ ዓይነት ህመም ይይዘዋል። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ፣ ሰው ይከታተለኛል ማለት፣ ከሌለ ሰው ጋ ማውራት ሲጀምር ሰንሰለት ሳይሆን ቶሎ የአእምሮ ሀኪም ነው የሚያስፈልገው።

ሲንድረሙን የሚያረጋግጠው የጂን ምርመራ እንደ ደም ግፊት በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ እሱን እየጠበቅን መቀመጥ አንችልም። ዘሚ የኑስ የልጇን ነገር በአደባባይ ተናግራ በፈረንጆች 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ባትከፍት ኦቲዝም የሚለውን ቃል ዛሬ ስንቶቻችን እናውቀው ነበር? ለዚህም እንደዛ የሚጀምር ሰው ያስፈልጋል። ሐኪም ግዛው ሆስፒታልና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፦ ከልብ ችግር ጋ የተወለደ ወይ ላንቃው ችግር ያለበት ልጅ በመጣ ቁጥር ካልሲየሙ ይለካ፣ ጆሮው ይታይ፣ የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሠራለት፣ እድገቱ ይጠየቅ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ካርድ ላይ ይጻፍና ካርዱ ለእናትየው ይሰጣት፣ ወደ ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ቦታ ሪፈር ስትባል ይዛው ትሂድ።