ይድረስ ለክቡር ካርቡሬተር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሁለተኛ ሽያጭዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ልል ነበር። ግን ናፍቆቱም ትናንት ተወጣልኝ። ገዛሁዎት። በ18,000 ብር። ከዚያ በፊት የማን ነበሩ ቢባል፣ የኔው።

ነገሩን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ እዚያው ነበሩና። አንባቢ ግን ይፍረደኝ።

የኔ ሃይኤስ ቤንዚን ነው። ሞተሩ ቱ ዋይ። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር ላይ፣ ይህን መናገር ኃጢአት እንደ መናዘዝ ነው። መንገዱን የሞላው ሚኒባስ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ካርቡሬተር የሚባል፣ ቤንዚንን ከአየር የሚያዋሕድ ጣጣ የለበትም። የፋይፍ ኤል፣ የናፍጣው ሞተር፣ ዕቃ ብል ከአፌ ቀልበው ያመጡልኝ ነበር። የቱ ዋይ ካርቡሬተር ስል ግን ባለሱቁ መጀመሪያ ፊቴን አየ። ከዚያ የጎረቤቱን ባለሱቅ ጠራ። "ናማ፣ ፋዘር የሚሉትን ስማ።"

ሕመምዎን በአደባባይ ስለማወራ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነዳጅ ስረግጥ የምትከፈተዋ ክዳን የምትዞርበት ዘንግ አለች አይደል? ያቺ ዘንግ ዓመት ከዓመት ስትዞር የገላዎን ቀዳዳ በልታ አስፍታዋለች። በዚያ ሽንቁር አየር ይገባል። አየር ሲበዛ ሞተሩ ሚኒሞ አይይዝም፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ረግቶ አይሠራም፣ መብራት ላይ ቀጥ ይላል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ኪት ተገዝቶ ተሞከረ። ኪት ጓርኒሲዮንና (በብረትና ብረት መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ጎማ ጎማውን ይቀይራል እንጂ ገላ አይቀይርም። ስለዚህ ሌላ እርስዎ ያስፈልጉኝ ነበር።

"ሳምፕል ይዘሃል?" አለኝ ባለሱቁ።

ይህን ጥያቄ እዚያ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። የሞተሩን ዓይነት ብናገር፣ የሊብሬውን ፎቶ ባሳይ ዋጋ የለውም። ዕቃው በአካል መቅረብ አለበት። እርስዎን ከሞተሩ አስፈትቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ቤንዚኑ ሲሸተው መንገድ ላይ አወረደን። ሁለታችንንም።

ሱቁ ውስጥ ግን በክብር ነው የተቀበሉዎት። ባንኮኒ ላይ አስቀመጡዎት፣ አገላበጡዎት፣ አሸተቱዎት። አንዱ "ይሄማ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት" ብሎ ሳቀ። ባለሱቁ ኮስተር አለ። "መጋዘን ውስጥ አንድ ሳትኖር አትቀርም። ሳምፕሉን ተውልኝ፣ ልጁ ወስዶ ያመሳክራል። ነገ ና።" ሳምፕል ያልተወ ሰው ዕቃ አይፈለግለትም። ተውኩዎት።

በማግሥቱ ስሄድ ስስ ላስቲክ ለብሰው ጠበቁኝ። ብርማ ቀለም ተቀብተው ያብለጨልጫሉ። "የዱባይ ነው። አንድ ብቻ ነበረች፣ ዕድለኛ ነህ።" ዋጋው 18,500። የኔ ሳምፕልስ? "እሱማ ከብረት ጋር ሄደ። ግን አትከስርም፣ ለአሮጌው 500 ቀንሼልሃለሁ።"

አመሰገንኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከብሩ ይልቅ ያ ምስጋና ነው። ደረሰኝ ስል ማሽኑ ኔትወርክ የለውም ተባለ። ብሩም የገባው በልጁ ሒሳብ ነው።

ጋራዥ ደረስን። መካኒኬ ላስቲኩን ገፈፈና ወደ ብርሃን ወጣ። አንዴ አየዎት። ደግሞ አየዎት። ከዚያ ካቻቢቴውን አንስቶ ከታች ጥግዎን፣ ብሎን የሚገባበትን፣ ቀስ ብሎ ፋቀው። ብርማው ቀለም ተላጠ። ከሥሩ ግራጫ ማጣበቂያ ወጣ። አምና ያ ጥግ ተሰብሮ ነበር። በማጣበቂያው ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

"ጋሼ፣" አለኝ፣ "ይቺን ያጣበቅኳት እኮ እኔ ነኝ።" ጣቱንም አሻራው ላይ አሳረፈው።

የጋራዡ ልጆች መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ያከብሩኛል። ማክበሩ ብዙ አልቆየም።

ይዤዎት ተመለስኩ። ባለሱቁ ቅንድቡ እንኳ አልተነሳም። "ይመሳሰላሉ ፋዘር። ፋብሪካው አንድ ነው።" ማጣበቂያውንስ ፋብሪካው ነው የቀባው? "ገጠመልህ ወይስ አልገጠመልህም?" ምን ልበል? ይገጥማላ! "ታዲያ ምንድነው ችግሩ?" ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ፖሊስ እጠራለሁ ስል በርጩማ አቀረበልኝ። "ቁጭ ብለህ ጥራ።"

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። እኔ በዚያች መኪና ተማሪ ነው የማመላልሰው። እርስዎን ፍለጋ መርካቶ ስንከራተት አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ እስኪመሽ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆማለች። እናቷ ደውላ የተናገረችኝን አልጽፈውም። ልክ ነበረች። ሰውየው ግን ይህን ሁሉ ያውቃል። ነግሬዋለሁ። ልጆች ይጠብቁኛል ብዬ ለምኜዋለሁ። የቸኮለ ሰው መሆኔን ሲያውቅ ነው ዋጋ የጠራው። ይሄ ሥራ አይደለም፣ ብልጠትም አይደለም፣ ሌብነት ነው። ባንኮኒ ያለው፣ ንግድ ፈቃዱን በመስታወት ያንጠለጠለ ሌብነት።

እሺ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

መቼም በመንገድዎ ብዙ ምክር ሰምተዋል። "ኢንጀክሽን አስገባባት" ያለው፣ ካርቡሬተሩን ጥለህ ነዳጅ በሚረጭ ሥርዓት ተካው ማለቱ ነው፣ የመኪናውን ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ነው የመከረኝ። "ኤሌክትሪክ ግዛ" ያለውን ደግሞ ዝም ብዬ አየሁት። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ደግ፣ ያለችንን ጠግነን እንያዝ አልን። የምትጠገንበት ዕቃ ግን የራሷው አሮጌ ሆኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል።

ስለ ዶላርም ሰምተዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ደርግ ከመውደቁ በፊት የገባ የሚመስል፣ አቧራው ያልተራገፈ ዕቃ ሳይቀር "ዶላር ጨምሮ ነው" ይባልለታል።

ስፖኪዮዬን አላነሳም። የጠፋበትም የገዛሁበትም ሰፈር ይታወቃል።

አሁን ወደ ቦታዎ ተመልሰው ታስረዋል። ሚኒሞ እንደ ድሮው አይይዙም። መካኒኬ አንድ ሐሳብ አምጥቷል፦ ቀዳዳዎን በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ አስፍቶ የነሐስ ቀለበት መክተት፣ ዘንጓም በልኳ እንድትዞር። ቶርኖ ቤቱን ስጠይቅ ይቻላል አሉኝ።

"ብቻ ዕቃውን ትተውልን ይሂዱ" አሉ። "ነገ ይመለሱ።"

አልተውም አልኩ። ቶርኖው ሲዞር ከጎንዎ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጠብቅዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ክፍል፣ ካለ
ከሚኒባስ ላሽቀነጠረን ረዳት
ለቀቢው፦ ቀለምህ እጅ ላይ ይለቃል