«ይለቃል»

ለአንዲት ቃል ሐውልት ይቁምላት ቢባል፣ እኔ የምመርጠው «ይለቃል» የምትለዋን ነው። መርካቶ ውስጥ በእሷ ተስፋ ስንት ጫማ ተሸጧል!

ባለፈው ወር እኔንም ደርሳኛለች። ሻጩ ልጅ የካርቶን ቁራጭ አነጠፈልኝ፣ እግሬን ፌስታል አስጠለቀኝ፣ የቀኙን አቀበለኝ። ግራው መጋዘን ነው። የጠየቅሁት 42 ነበር፣ ያመጣው 41። «ፋዘር፣ ቁጥሩን አትየው፣ አሠራሩ ሰፊ ነው» አለ። ተረከዜ በማንኪያ እየተገፋ ገባ፤ አምስቱ ጣቶቼ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንዳላቸው የታክሲ ተሳፋሪዎች ተዛዘሉ። «ጠበበኝ» ስል መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ቆዳ ነው፣ ይለቃል!» (ቆዳ መሆኑን የሰማሁት ከእሱ አፍ ብቻ ነው፤ ሽታውስ የአዲስ ባልዲ ነበር።) ከፈልኩ።

አንዳንድ ምቀኞች አሉ፣ ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ እግር ሲቆም ውሎ ያብጣል የሚሉ። አንዱ እግር ከሌላው ስለሚበልጥ ሁለቱንም ለኩ፣ በትልቁ ግዙ ይላሉ። ቆማችሁም ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ የሚያህል ክፍት ቦታ መኖሩን እዩ ይሉናል። በዚህ የቤት ኪራይ ዘመን ክፍት ቦታ ይዞ መዞር ነውር አይደለም? ሰውን ሁሉ «ልክህን እወቅ» ስንል የምንውል ሰዎች፣ ልካችንን ከጫማ ሻጭ ልንማር ነው?

ለልጆቻችንማ ቸሮች ነን። ለእንቁጣጣሽ የሚገዛላቸው ሁለት ቁጥር ይበልጣል፤ «ያድግበታል»። ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቅና ልጁ ጫማው እየቀደመው የአበባ ሥዕሉን ሊያድል ይወጣል። እኛ አንድ ቁጥር እያጠበብን፣ ለእነሱ ሁለት እያሰፋን፣ በአማካይ ሲሰላ ሀገሪቱ በልኳ ተጫምታለች።

አበበ ቢቂላ ብቻ ነው ትዕግሥት ያጣው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ አልተስማማውም፤ አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ምን አስቸኮለው? እስከ 20ኛው ኪሎ ሜትር ይለቅለት ነበር! ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደገመው። እግሩን ያልነከሰው ጫማ አግኝቶ ነው፣ እሱም ሙያ ሆኖ!

ሙያ ለማየት ሰርግ መሄድ ነው። ሚዜዎቹ ሹል ታኮ አድርገው እንደ ሰንበሌጥ እየተወዛወዙ ይገባሉ። አንድ እግር 26 አጥንት አለው ይባላል፤ ፈጣሪ እንዲህ የበዛ ነገር ለምን እንደሠራ የገባኝ እነሱን ሳይ ነው፤ ለማጠፍ ነው። አውራ ጣት ከዓመት ዓመት ወደ ጎረቤቱ እያዘመመ፣ ሥሩ ላይ ያለው አጥንት ወደ ውጭ እያበጠ ሎሚ ሲያክል፣ የውበት ደረሰኝ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ፎቶው እንዳለቀ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ታኮው ተጋድሟል፣ እግሮቹ እርስ በርስ ይተሻሻላሉ፣ ከቦርሳ አጠገብ ካለች ፌስታል ነጠላ ጫማ ይወጣል።

ከሁሉ የታደለው ግን ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘው ነው። ጫማው ቢልጠውም «ጠበበኝ» ብሎ ማንንም አይበጠብጥም። ካልሲው ላይ ደም ያየ ቀን ይሰማል፣ ሐኪሙም ያኔ ፊቱን ያጠቁራል።

የእኔን፣ ጫማ ሰፊው ሁለት ጊዜ ፎርማ ላይ አሳደረው። ለቅቋል? ስፌቱ ለቅቋል። ትናንት አሰፋሁትና ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። እሱ የሚያደርገው 43 ነው። አገላብጦ ሶሉን አየና ቀና ብሎ አየኝ።

«ቁጥሩን አትየው» አልኩት፣ «ቆዳ ነው።»