«ደበረኝ» የት ሄደ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ ከፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ በባጃጅ ስሄድ አጠገቤ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመስላሉ። መንገዱ አጭር ነው። በዚያች አጭር መንገድ አንደኛዋ ሦስት ጊዜ «ዲፕረስድ ሆኛለሁ» አለች፤ አንዴ ፈተናቸው ስለተላለፈ፣ አንዴ ሹሩባ የሠራቻት ልጅ ስላጠበቀችባት፣ አንዴ ደግሞ ስልኳ ቻርጅ ስለጨረሰ። ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ አላስቻለውም። «እኔ ነዳጅ ሰልፍ ስይዝስ ምን ልበል?» አለና አሳቀን።

ልጅቷን አልወቅስም። እኔም ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ይቺኑ ቃል እላታለሁ። እንግሊዝኛ ለምን ተቀላቀለ የሚል ጣጣም የለኝም፤ ባጃጁም ቻርጁም ከውጭ የመጡ ቃላት ናቸው፣ ማንም አልሞተም። እኔን ያሳሰበኝ ይቺ አንዲት ቃል ስንቱን እንደዋጠች ነው።

እስኪ እንያቸው። ፈተና ሲተላለፍ «ደበረኝ» ይበቃል። ሹሩባው ሲያም «አማረረኝ»፣ ስልኩ ሲጠፋ «አበሳጨኝ»። ሰው ንቆህ ሲያልፍ «ከፋኝ» ትላለህ፤ እሷ ደግሞ ቀላል ቃል አይደለችም፣ ሰዎች «ከፋኝ» ብለው ጫካ የገቡባት ቃል ናት፣ ከኋላዋ በዳይ አለ። «ቅር አለኝ» የእሷ ታናሽ እህት ናት፤ በዳዩ አለ፣ ግን ይሉኝታ ይዞህ አትናገረውም። «ሆድ ባሰኝ» ሲባል እንባው ደርሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዛሬ አይደለም፣ የቆየ ነገር ዛሬ ሰበብ አገኘ እንጂ። ቤቱ ባዶ ሲሆን «ጭር አለብኝ»። ሰውነትም ልብም አብረው ሲከብዱ «ድብት አለኝ»። ይህን ሁሉ ትተን በአንድ «ዲፕረስድ» ስንጠቀልለው፣ የሚሰማን ሰው አብሮን ይናደድ፣ ያባብለን ወይስ ቻርጀር ያውሰን በምን ይወቅ?

እንግሊዝኛውም ቢሆን ድሃ አይደለም። «ሳድ» አለ፣ «ዳውን» አለ፣ ቀለል ላለ ትካዜ «ብሉ» አለ፣ ለጨፈገገ ሰማይም ለጨፈገገ ፊትም «ግሉሚ» አለ፣ መላው ለጠፋበት «ሚዘረብል» አለ። እነሱም ግን እንደኛ በሆነ ባልሆነው «ዲፕረስድ» ይላሉ። ቃሉን የተዋስነው ከነአመሉ ነው።

ሥሩ ላቲን ነው፤ ወደታች መጫን ማለት ነው። ለዚህ ነው ዝቅ ያለ መሬትም ዲፕሬሽን የሚባለው። ደናክል ዲፕሬሽንን አስቡት፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ አለው። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለምን ያናጋው የኢኮኖሚ ውድቀትም ስሙ ይኸው ነው። ሕመሙ ግን በፊት የሚታወቀው ሜላንኮሊያ በሚል የግሪክ ቃል ነበር፤ ጥቁር ሐሞት ማለት ነው፣ የጥንት ሐኪሞች ሐዘን ከሐሞት የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። (እኛም «ሐሞቴ ፈሰሰ» እንላለን፤ የኛው ግን ለወኔ ነው።)

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የአማርኛው አሠራር ነው። «በረደኝ፣ ራበኝ፣ ደበረኝ፣ ጨነቀኝ» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንዳቸውም ላይ አድራጊው እኔ አይደለሁም። የሆነ ነገር መጣብኝ፤ ብርዱም ረሃቡም እንደሚሄድ እሱም ይሄዳል። «ዲፕረስድ ነኝ» ውስጥ ግን «ነኝ» አለች። «አስተማሪ ነኝ»፣ «የሐዋሳ ልጅ ነኝ» የምንልባት «ነኝ»። አንድ ቀን ሙሉ የደበረው ልጅ መታወቂያ ላይ የሚጻፍ ነገር አስመሰለው።

የማይሄድም አለ። ሐኪሞቹ ዲፕሬሽን የሚሉት ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚቆየውን ነው። ሐዘን አለ፣ ወይ ድሮ ደስ የሚልህ ነገር ሁሉ ያስጠላሃል። እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ አይበላም፣ አቅም ይከዳል፣ «እኔ የማልረባ ነኝ» ይመጣል፣ ሞትን ማሰብም ሊከተል ይችላል። ሕክምናም አለው። በአማርኛ «ድባቴ» ይሉታል፤ «ድብት አለኝ» ካልነው ብዙም አይርቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ሆነ። ለዓሣ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነበር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወስደነው ጥብሱን ሳይነካው ተነሣ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ሲያፈጥ ያነጋል። አንድ ማታ «እኔ ዲፕረስድ የሆንኩ ይመስለኛል» አለን። አራት ሆነን ተቀምጠናል። «ያልሆነ ማን አለ!» ብለን ሣቅንበት፣ እኔም ሥቄአለሁ። የቀረችውን አንዲት ቃል እኛ በየባጃጁ ጨርሰንበት ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ከሁለት ወር በኋላ ወንድሙ ጎትቶ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። አሁን ደህና ነው፣ ዓሣም ይበላል። ያቺ ሣቅ ግን እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

ይህን ሳጫውተው አንድ ወጣት ባልደረባዬ አልተስማማም። «ድባቴ ይዞኛል ብል እናቴ ደንግጣ ጎረቤት ትጠራለች፣ ነገ ሰፈሩ ሁሉ አበደ ይለኛል። ዲፕረስድ ስል ግን ማንም አይደነግጥም» አለኝ። እውነቱን ነው። የውጭ ቃል እንደ ነጠላ ፊት ይሸፍናል፣ ለእውነተኛው ታማሚ መሸፈኛ ከሆነው ይልበሰው። ቻርጅ ያለቀበት ሰው ሁሉ ያንኑ ነጠላ ከለበሰ ግን ታማሚውን በምን እንለየዋለን?

ትናንት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለች። ዘንድሮ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው።

«ጋሼ፣ ዲፕረስድ ሆኛለሁ።»

«ደብሮሽ ነው? ወይስ ያስከፋሽ ሰው አለ?»

ትንሽ ዝም አለች።

«ዶርም ውስጥ የሁሉም እናቶች መጥተው ጠየቋቸው። እማዬ አልመጣችም። ሆድ ባሰኝ መሰለኝ።»

ስልኩን እንደዘጋሁ እህቴ ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ትሄዳለች።