ለተኳሹ ያለቀሰውን ልጅ ተዉት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሐዋሳ፣ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ስለ ክፍያ ተወራ፤ ስለ ደንብ ልብስ ተወራ። ከዚያ አንድ ውሳኔ ተነበበልን። በኮምፒውተር ክለቡ ማሽኖች ላይ የነበረው ቦምበር ክሩው የተባለው የጦርነት ጌም ጠፍቷል፤ ከእንግዲህም አይጫንም። ምክንያቱ ምን ነበር? አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ፣ የአውሮፕላኑ ጅራት ላይ የሚቀመጠው ተኳሽ ሲሞትበት ክለቡ ውስጥ አለቀሰ። ተኳሹን በአጎቱ ስም ጠርቶት ነበር።

ውሳኔውን ያነበቡት ኃላፊ ማብራሪያም ጨመሩ። ለሌለ ሰው እንባውን የሚያፈስ ልጅ፣ በእውን ላለው ሰው የሚተርፍ እንባ አይኖረውም አሉን። ብዙ ወላጅ አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

እንባ በሊትር ተለክቶ ነው እንዴ የተሰጠን? እናቶቻችን ለሬዲዮ ድራማ ሰዎች አልቅሰዋል። ወጡ እያረረ ጆሯቸውን ከሬዲዮው አላነሱም። ጎረቤት ሲሞት ታዲያ ማን ቀድሞ ደረሰ? እነሱ ናቸው። ድንኳን ሳይተከል ቡና ያፈሉት፣ ንፍሮ የቀቀሉት፣ ሐዘንተኛዋን አቅፈው ያደሩት እነሱ ናቸው። በተረት ያላለቀሰ ልጅ በሰው ሞት ሲያለቅስ አላየሁም። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገኝም።

ጌሙን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አውሮፕላኑ የእንግሊዞቹ ላንካስተር ቦምብ ጣይ ነው። ሰባት ሰው ይሳፈርበታል፦ አብራሪ፣ የሞተር ቴክኒሻን፣ አቅጣጫ የሚያወጣ፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ ቦምብ የሚጥል፣ ሁለት ተኳሾች። ተጫዋቹ አንድ በአንድ ይቀጥራቸዋል። ስም ያወጣላቸዋል፤ ልብስ ያለብሳቸዋል። ከፍ ብለው ሲበሩ ብርዱ ይጎዳቸዋል፤ ኦክስጅን ሲቋረጥ ይወድቃሉ። አንዱ ሲቆስል ሌላው ቦታውን ለቆ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይዞ መሄድ አለበት። እሱ ሲሄድ ደግሞ የለቀቀው ቦታ ባዶ ይቀራል። ማንን ታድናለህ? አውሮፕላኑን ወይስ የቆሰለውን? ስንት በረራ አብሮህ የበሰለ ሰው ከሞተ አይመለስም። ሌላ ትቀጥራለህ፤ አዲሱ ግን ያ ሰው አይደለም።

አሁን ወደ እውነተኛው ጦርነት እንሂድ። በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ዕዝ ሥር 125,000 ገደማ በራሪዎች አገልግለዋል። ከእነሱ 55,573ቱ ሞተዋል። ይህን ቁጥር ለአንድ ክፍል ተማሪ ንገሩት። ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል፤ ለፈተና ያጠናዋል፤ ከፈተናው ማግስት ይረሳዋል። ለዚያ ልጅ ግን ንገሩት። ከጓዶቹ ተነጥሎ፣ አውሮፕላኑ ጅራት ላይ በብርድ እየተንዘፈዘፈ ጨለማውን የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል። የአንዱ ሞት ምን ያህል እንደሚከብድ ቀምሶታል። 55,573 ሲባል ከዚያ ከአንዱ ተነስቶ ያስበዋል። የትኛው የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ነው ይህን ያደረገልን?

እኛ እኮ ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት የሚሞተው ቁጥር አይደለም። ፎቶው ይወጣል፤ ልብሱ ይያዛል። አልቃሿ በስሙ እየጠራች ሥራውን፣ ለጋስነቱን፣ ለእናቱ የነበረውን ፍቅር ትዘረዝራለች። አስከሬኑ በሩቅ አገር ቀርቶ መርዶው ብቻ ሲመጣ እንኳ ፎቶውን ይዘን እናለቅሳለን። በዚያች ሰዓት ሟቹ ፊታችን የለም፤ ግን ማንም ለሌለ ሰው አለቀሳችሁ አይለንም። እነዚህ ልጆች ግን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትንንሾች ነበሩ። ቴሌቪዥኑ «ይህን ያህል ተደመሰሰ» ሲል እየሰሙ ነው ያደጉት። ሳሎን ተቀምጠን ዜናውን ስናይ እነሱም ከጎናችን ነበሩ። የተደመሰሰው ሁሉ ስም እንደነበረው የነገራቸው ማን ነው? እኔ አልሰማሁም። አንድ ጌም ነገራቸው፤ እሱንም አጠፋንባቸው።

ደግሞ ያልተከለከለውን እዩ። ፒያሳም ሂዱ፣ አቶቴም ሂዱ፣ ልጆች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ፑብጂ ይጫወታሉ። 100 ሰው ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ቆሞ የተገኘ ያሸንፋል። የሞተውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ወዲያው ሌላ ዙር ይጀመራል። ይህን የሚጫወት ልጅ ስለማያለቅስ ስብሰባ አልተጠራበትም። እየሳቀ የገደለውን ዝም ብላችሁ፣ አዝኖ ያለቀሰውን ችግር አለበት አላችሁት። በየትኛው ሚዛን ነው ይህ የተመዘነው?

የሰዓት ገደብ ይኑር ካላችሁ እሺ። ልጅ ማጥናትም መተኛትም አለበት። ከዚህ ውጭ ግን አንዲት ጋት አልሸሽም።

ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ቢነሳ ኖሮ ይሄ ነበር፦ ልጁ ከላይ ላሉት ሰባት ሰዎች ሲያለቅስ፣ ቦምቡ የሚወርድባቸው ከታች ያሉትስ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 የጀርመኗ ከተማ ሃምቡርግ በቦምብ ከነሰዎቿ ነድዳለች። በጌሙ ውስጥ እነሱ ስም የላቸውም። ይህን ስብሰባው ላይ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ቢነሳ ደግሞ መልሱ ጌሙን ማጥፋት አይሆንም፤ ሌላ መጨመር ነው። ዲስ ዋር ኦፍ ማይን የተባለው የፖላንዶች ጌም አለ። እዚያ የምትመራው ወታደር ሳይሆን በተከበበ ከተማ ውስጥ የተራበ ተራ ሰው ነው። የተሠራው በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ የነበረውን የሳራዬቮ ከተማ ከበባ መነሻ አድርጎ ነው። ከአቅመ ደካማ ሽማግሌዎች ምግብ ብትሰርቅ የራስህ ሰዎች በሐዘን ይሰበራሉ። የፖላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተጨማሪ ንባብነት እንደሚያቀርብ አስታውቋል። ጦርነት ምን እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ አገር ናት። እነሱ ልጆቻቸው እንዲያዝኑ ፈቀዱ፤ እኛ ያዘነውን ልጅ ስብሰባ ላይ አነሳነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ተኳሹ በአጎቱ ስም ተጠርቶ እንደነበር ሲነገር፣ አጎትዬው የት እንዳለ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም። ልጁ እያለቀሰ ምን እያለን እንደነበር ለመስማት ጥሩ ዕድል ነበር፤ ማሽኑን በማጽዳት አሳለፍነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገባለሁ። ጌሙ ይመለስ። የታሪክ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ክለቡ ውስጥ አብሯቸው ይቀመጥ፤ ከጨዋታው በኋላ ስለ ሞቱት ይነጋገሩ። ልጁንም ይቅርታ ጠይቁት፤ በግል ሳይሆን ስሙ በተነሳበት በዚያው የወላጆች ስብሰባ ላይ።