ወንጀልን የሚያበዛው ሙቀቱ ነው ወይስ ከወቅቱ ጋር የሚለዋወጠው ኑሮ?

«የአየር ሙቀት ራሱን ችሎ ወንጀልን ያበዛል» በሚለው ሐሳብ ላይ ሁለት ጸሐፍት በጽሑፍ ያደረጉት ክርክር ከዚህ ቀጥሎ ቀርቧል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ቤልጅየማዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ የፈረንሳይን የወንጀል መዛግብት መርምሮ፣ ድብደባንና ግድያን የመሰሉ በሰው ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በሙቀት ወራት፣ ስርቆት ደግሞ በብርድ ወራት እንደሚበረክቱ አስተዋለ። ከዚያ ወዲህ መረጃው እጅግ በዝቷል፤ ጠብን የሚመለከተው አስተውሎት ግን አልፈረሰም። ማቲው ራንሰን በ2014 ባሳተመው ጥናት ወደ 3,000 የሚጠጉ የአሜሪካ አውራጃዎችን የ30 ዓመት ወርሃዊ የወንጀልና የአየር ጠባይ መረጃ አገናዝቦ፣ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ድብደባም አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሙቀት እንቅልፍ ይነሣል፣ ሰውነትን ያስጨንቃል፣ ትዕግሥትን ያሳጣል፤ በሌላ ቀን በይቅርታ የሚታለፍ ግፊያ በእንዲህ ያለ ቀን ወደ ቡጢ ሊያመራ ይችላል። ወንጀልን አስቀድሞ መከላከል የሚሻ ሁሉ የአየር ትንበያን ከማስጠንቀቂያዎቹ እንደ አንዱ ሊቆጥረው ይገባል እላለሁ።

ተቃዋሚ፦

የተከበሩ ባልደረባዬ ያቀረቧቸውን መረጃዎች አልክድም፤ የምቃወመው ከእነርሱ ተነሥተው የደረሱበትን መደምደሚያ ነው። በቺካጎ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ብቻውን አይመጣም፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ ወጣቱም እስከ ምሽት ድረስ ከደጅ አይገባም። ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን በ1979 እንዳስረዱት፣ ወንጀል እንዲፈጸም ለማጥቃት የተነሣ ሰውና የሚጠቃ ሰው ወይም ንብረት ጠባቂ በሌለበት በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው፤ ወቅት የሚለውጠውም ይህንኑ መገናኘት ነው።

ጉዳዩን ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናቡና ብርዱ በሚበረቱበት በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ሙቀቱ የሚያይለው ተማሪው ክፍል ውስጥ በሚገኝባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ነው፤ የቀኑም ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። በቺካጎ ተደራርበው የሚመጡት ምክንያቶች እዚህ በየራሳቸው ጊዜ ስለሚመጡ፣ በአንድ አገር የታየውን ለዓለም ሁሉ ሕግ ማድረግ አይቻልም።

ዝናብም ቢሆን ወደ ወንጀል የሚያደርሰው መንገድ በገበያ በኩል ያልፋል። ሃልቮር ሜህሉም፣ ኤድዋርድ ሚገልና ራግናር ቶርቪክ በ2006 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባቫሪያ ዝናብ የዳቦ እህሉን ሲያበላሽና ዋጋው ሲንር ስርቆት ጨምሯል፤ በሰው ላይ የሚፈጸመው ወንጀል ግን ቀንሷል፤ አጥኚዎቹም ይህን ከቢራ መወደድ ጋር አያይዘውታል። ከቦረና ጋር በምትዋሰነው በሰሜን ኬንያዋ ማርሳቢት ካረን ዊትሰንበርግና ዋሪዮ አዳኖ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት ተቃራኒውን ያሳያል፦ የከብት ዘረፋና ግድያ የበረታው በድርቅ ሳይሆን ዝናብ በጣለባቸው ዓመታት ነበር። ዝናብ ሲጥል ከብቱ ረጅም መንገድ ለመነዳት አቅም ያገኛል፣ ቁጥቋጦውም ዘራፊውን ይሸሽጋል፤ በድርቅ ጊዜ ግን ጎረቤታሞቹ ማኅበረሰቦች ውኃና ግጦሽ ለመጋራት ሲሉ ይስማማሉ። የዝናብ መጠን ብቻ አይቶ ይህን አስቀድሞ ሊናገር የሚችል ማን ነው?

ደጋፊ፦

የማርሳቢቱ ዘረፋ ታቅዶ የሚፈጸም ነው፤ እኔ የምናገረው ግን በድንገት ስለሚነሣ ጠብ ነው። ራንሰን ያነጻጸረው የአንድን አውራጃ ሐምሌ ከዚያው አውራጃ የሌሎች ዓመታት ሐምሌ ጋር ስለሆነ፣ የትምህርት ቤት መዘጋትም ሆነ የቀን መርዘም ልዩነቱን አያስረዳም። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃም አለ። አኒታ ሙከርጂና ኒኮላስ ሳንደርስ በ2021 ባቀረቡት ጥናት ማቀዝቀዣ የሌላቸውን የሚሲሲፒ እስር ቤቶች መርምረው በኃይለኛ ሙቀት ቀናት በታራሚዎች መካከል ጠብ እንደሚጨምር አግኝተዋል። ታራሚ ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ አይሄድም፣ መጠጥ ቤት አያመሽም፤ ውሎው ያው ሆኖ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ይህን እንዴት ያዩታል?

ተቃዋሚ፦

የእስር ቤቱን ማስረጃ እቀበላለሁ፤ ሰዎችን በዚያ ሁኔታ ማቆየትም በራሱ በደል ነው። ነገር ግን ማስረጃው የሚናገረው ከሙቀቱ መሸሻ ስለሌለው ሰው ነው። በሎስ አንጀለስ የተደረገ ጥናት ሙቀት ከወንጀል ጋር ያለው ትስስር በድሆች ሰፈር ይበልጥ እንደሚጎላ አሳይቷል፤ ሰማዩ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከተለያየ፣ ልዩነቱን መፈለግ ያለብን ከቤቱ፣ ከጥላውና ከገቢው ነው። ብራያን ጄከብ፣ ላርስ ሌፍግረንና ኤንሪኮ ሞሬቲም በ2007 እንዳሳዩት፣ በአየር ጠባይ ምክንያት ወንጀል ከበዛበት ሳምንት ቀጥሎ ያለው ሳምንት በከፊል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሙቀት ወለደው ከምንለው ወንጀል ጥቂት የማይባለው ቀኑ ብቻ የተለወጠ ነው።

በአገራችን ጉዳይ ከግምት ለመውጣት የአዲስ አበባን የወንጀል መዝገብ በወርና በወንጀል ዓይነት ለይቶ ከሙቀቱ፣ ከዝናቡ፣ ከእህል ዋጋውና ከትምህርት ቤት መዝጊያው ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የመጋቢት ሙቀት የነሐሴን ያህል ስርቆት ሳያመጣ ነሐሴ ላይ የእህል ዋጋ ሲወደድ ስርቆቱ ከጨመረ ለእኔ ይመሰክራል፤ ድብደባ በመጋቢትና በሚያዝያ ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ለባልደረባዬ ይመሰክራል፤ ያን ጊዜም አቋሜን ለመለወጥ ዝግጁ ነኝ።