ሰርቪሱን ከትልቁ ቤት ጋር ስናገናኝ

እናቴ ጉልበቷን ማመም ከጀመራት ወዲህ ክረምት ትፈራለች። ማድ ቤቱም ሽንት ቤቱም ያሉት ሰርቪሱ ውስጥ ነው። ከትልቁ ቤት እስከዚያ ቢበዛ አምስት እርምጃ ነው፤ ግን ዝናብ ሲመታው ሲሚንቶው ያንሸራትታል። ባለፈው ክረምት ሌሊት ወድቃ እጇ ተሰበረ። ሰርቪሱን ከትልቁ ቤት ጋር ለማገናኘት የወሰንነው ያኔ ነው። መሃሉን ክዳን አልብሰን፣ ግድግዳውን በር አውጥተን፣ ዕቃ ቤቱን የእሷ መኝታ ልናደርገው።

«አዲስ ቤት አንሠራም፤ ፈቃድ ለምኑ ነው?» አለ ታላቅ ወንድሜ። እንደ እሱ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግን «ግንባታ» ሲል አዲስ ሕንፃ መሥራትን ብቻ አላለም። ያለውን ሕንፃ ማሻሻልም፣ አገልግሎቱን መለወጥም ግንባታ ነው። ስለዚህ ዕቃ ቤት የነበረው መኝታ ቤት ሲሆን፣ አንድ ብሎኬት እንኳን ባይጨመር ጉዳዩ ፈቃድ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ መሐንዲስ የሆነ ዘመዳችን ነው። ግቢያችን ገብቶ ግድግዳውን ከማየቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፦ «የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው?» ልክ ክዳን ልናለብሰው ካሰብነው ቦታ ሥር ነበር። ሠርተነው ቢሆን የጉድጓዱ ክዳን ሳሎናችን መሃል ይቀር ነበር። ሲሞላ መምጠጫ መኪናው ቱቦውን በየት ያስገባል? ሽታውስ የሚወጣው በየት ነው? ቀጥሎ የትልቁን ቤት የኋላ መስኮት አሳየን። መሃሉ ሲዘጋ ያ ክፍል ብርሃንም አየርም አያገኝም። ሰርቪሱ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የድሮ ግቢዎች ጭቃ ነው፤ መሠረቱም ጥልቀት የለውም። ትልቁ ቤት ብሎኬት ነው። ሁለቱ መሬት ውስጥ እኩል ስለማይሰምጡ መገናኛቸው ላይ ይሰነጠቃል አለን። ሁለቱ ጣሪያዎች የሚገናኙበት አሸንዳ በደንብ ካልተሠራ ደግሞ ውሃው ወደ ቤት ነው የሚገባው።

የጎረቤትም ነገር አለ። ሰርቪስ ብዙ ጊዜ አጥር ላይ ተለጥፎ ነው የሚሠራው። ማድ ቤቱን ወዲያና ወዲህ ስናዞር የጭሱ መውጫ የማን መስኮት ላይ እንደሚያርፍ ማን ያስባል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን በስም ጠርቶ፣ ከመልካም ጉርብትና በላይ ጎረቤትን ማወክ ይከለክላል። ቡና አብሮ ለሚጠጣ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ግንባታ ሲጀመር ይረሳል።

በነገራችን ላይ፣ የድሮ ግቢ ያላችሁ ከሁሉ በፊት ሰርቪሱ የማን እንደሆነ አረጋግጡ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ትልቁ ቤት ለባለቤቱ ቀርቶ ሰርቪሱ የቀበሌ ቤት የሆነበት ግቢ አለ። እንዲህ ያለውን ማፍረስም መቀላቀልም በራስ ውሳኔ አይሆንም።

እንግዲህ ፈቃድ መጠየቁ ልክ ነው እላለሁ። ልክ ያልሆነው አጠያየቁ ነው። ጉዳያችንን ይዤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሄድኩ ቁጥር የተጨመረ ወረቀት ነበር። ሦስቱንም ቀን ግን ግቢውን መጥቶ ያየ ሰው የለም፤ ስለ ጉድጓዱም ማንም አልጠየቀኝም። ሰዉ ቅዳሜና እሁድን ጠብቆ፣ በር ዘግቶ የሚሠራው ሕግ ጠልቶ አይደለም። ደክሞት ነው። በኋላ ቤቱን ሊሸጥ ወይም አስይዞ ሊበደር ሲል ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ፣ መሬት ላይ ያለው ሌላ ይሆንበታል።

የ2001ዱ አዋጅ ራሱ ሕንፃዎችን በምድብ ሲከፍል፣ ሕንፃውን በሚሸከሙት አካላት መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ባለ አንድ ወለል ቤት ምድብ «ሀ» ብሎ ለብቻው አስቀምጦት ነበር። ትንሹ ቤት እንደ ትልቅ ሕንፃ እንዳይታይ በሩ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ሰርቪስ ለሚቀላቅል ቤተሰብ ሥራውም እንደዚያው ይቅለል። አንድ ባለሙያ ሜትር ይዞ ግቢው ድረስ ይምጣ። ጉድጓዱን፣ መስኮቱን፣ መሠረቱን፣ የጎረቤትን ወሰን ይይ። እዚያው ቆሞ «ይህን አስተካክሉ» ይበል፤ ሲስተካከል ይፈርም። የሚያስፈልገው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ለዚህም ተገቢውን ክፍያ በደስታ እንከፍላለን።

እኛ ፕላኑን ቀይረናል። ጉድጓዱ ካለበት በኩል ክፍት ቦታ ትተን፣ የእናቴን በር በሌላው ጎን አውጥተን አሁን መልስ እየጠበቅን ነው። ክረምቱ ሊገባ ነው። እስከዚያ ወንድሜ ከትልቁ ቤት በር እስከ ሰርቪሱ ድረስ የምትይዘው ብረት በይዶላታል።