ሲስተም የለም

አምስት ብር መልሴን ስጠይቀው የታክሲው ረዳት ምን አለኝ? «ፋዘር፣ ሲስተም የለም!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ድሮ ረዳት «ዝርዝር የለም» ብሎ ነበር የሚዋሸው። ብሩን በጣቶቹ መሃል ደርድሮ እያየነው ይዋሻል። እኛም «ባክህ ፈልግ» እንለዋለን። ይፈልጋል፣ ይገኛል። እንዲህ ያለ ውሸት ይከበራል፤ ተከራክረህ የምትረታው ውሸት ነው። «ሲስተም የለም» ለሚል ሰው ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? ዝም ብዬ ወረድኩ።

ልጁን ማን አስተማረው? እኛው ነን። ዕቁቡን ሊያስገባ ባንክ ሲሄድ ይሰማል፤ መታወቂያ ሊያሳድስ ወረዳ ሲሄድ ይሰማል። እዚህ አገር ሲስተም ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይጨናነቃል፣ እምቢ ይላል። የቆጣሪ ካርድ ልታስሞላ ስትሄድማ በተለይ የለም። ቤት ውስጥ ሊጡ ቡሃቃ ሞልቶ እየገነፈለ፣ ቆጣሪው ቀይ መብራቱን እያርገበገበ፣ የለም።

ባንክ ቤቱን እንየው። ወረፋ ይዘህ ትቀመጣለህ። መስኮት ውስጥ ያለችው ልጅ እጇን አጣጥፋለች። አጠገብህ ያሉት እናት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል።

«የኔ ልጅ፣ ሲስተሙ መቼ ይመጣል?»

«አይታወቅም እማማ።»

«የት ሄዶ ነው?»

ልጅቷ ወደ ኮርኒሱ ታያለች። እዚያ የለም። እማማም ተከትለዋት አዩ። ድንገት ከወዲያኛው መስኮት «መጣ!» ይባላል። ሰው ሁሉ ብድግ። ጥበቃው «ተቀመጡ! በተራ!» እያለ ይጮሃል። አንድ ሰው ይስተናገዳል። ከዚያ ይሄዳል። ሰውየው አይደለም የሚሄደው፣ ሲስተሙ ነው። እንደገና ቁጭ።

ድሮ የሚጠፋው ፋይል ነበር። ፋይል ቢጠፋ ግን የጠፋበት ሰው አለ። መዝገብ ቤት የምትባል አቧራ የጠገበች ክፍል አለች፤ ካኪ ጋውን የለበሰ ሰው ከውስጧ እያስነጠሰ ይወጣል። ትቆጣዋለህ፣ ይቆጣሃል፣ በመጨረሻ ሻይ ትጋብዘዋለህ፣ ፋይሉ ከስር ይገኛል። ኃላፊው ራሳቸው ቢጠፉ እንኳ ኮታቸው ወንበር ላይ አለ። «እዚሁ ናቸው፣ ኮታቸው አለ» ትልሃለች ጸሐፊዋ። ሰውየው እኮ ከተማውን ለቀው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ኮቱን እያየህ ተስፋ ታደርጋለህ። ሲስተም ኮት እንኳ አይሰቅልልህም።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። በሦስት ቃል የመሥሪያ ቤትን ታሪክ በሙሉ ይናገራል። ባንክ ቤት ተቀምጬ ግን ተምታታብኝ። አህያው ማነው? ዳውላውስ? እኛ ልጅቷ ላይ እንጮሃለን። ልጅቷ በኮምፒውተር ክፍሉ ታሳብባለች። የኮምፒውተር ክፍሉ በመስመሩ፣ የመስመሩ ሰው በመብራቱ፣ የመብራቱ ሰው በዝናቡ ያሳብባል። ዝናብ ደግሞ የእግዜር ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር ይቆማል። ሁሉም ዳውላ ይደበድባል፣ አህያው ሣሩን ይግጣል።

ደግሞ «አለ» ሲባልም አያስተማምንም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም አንድ ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሸና ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ማውጣት ቻለ። ወሬው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በዚያ ሌሊት ኤቲኤም ላይ የተሰለፈው ተማሪ ለካፌ ምሳ እንደዚያ ተጋፍቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በማግስቱ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ «መልሱ» አለ፤ ብዙዎች መለሱ። ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ።

ገንዘቡ መመለስ የለበትም አላልኩም፤ የሰው ገንዘብ ነው። ግን ልብ በሉ። ሲጎድልብን ጥፋተኛው ሲስተሙ ነው። ሲተርፈን ጥፋተኛው ስምና ፎቶ አለው። የእኔን ስንት ከሰዓት በኋላ የበላውን ሲስተም ፎቶውን የት ግድግዳ ላይ ልለጥፈው?

ከ«የለም» የባሰው «አይቀበልም» ነው። አባቱ ወልደ ሚካኤል ብሎ ያወጣለት ሰው ሲስተም ውስጥ ሲገባ ወልደ የራሱ ስም፣ ሚካኤል የአባቱ ስም ይሆናል። አባቱ ወደ አያትነት ያድጋሉ። አያቱ ከነጭራሹ ይሰረዛሉ። ተሰማ የሚባል ሰው ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ኤስ፣ ባንክ ቤት በአንድ ኤስ ከተጻፈ ሁለት ሰው ነው። አንድ መሆኑን ራሱ ያረጋግጥ! አንድ ኤስ ያጎደለችው ልጅ ምንም አታረጋግጥም።

ጳጉሜ 6 የተወለደ ሰውማ አይነሳ። ያቺ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ናት የምትመጣው። የማውቀው አንድ ሰው ሲስተሙ ቀኑን አልቀበልም ሲለው፣ ሰልችቶት «በቃ መስከረም 1 በሉኝ» አለ። በአንድ ቀን ለውጥ ዓመተ ምሕረቱ ተቀየረና በአንድ ዓመት ወጣት ሆነ። አሁን የልደት ምስክር ወረቀቱና መታወቂያው አይስማሙም። ለምን? ሲስተሙ ስለማይቀበል።

እዚህ ላይ ሳቄ ያልቃል። ሲስተሙ ከሰማይ አልወረደም። ተከፍሎት የሠራው ሰው አለ። «እንኳን ደስ አላችሁ» ተብሎ ኬክ ተቆርሶ፣ ሪባን ተቆርጦ ነው የተመረቀው። ስማችን ሁለት ቃል ሊሆን እንደሚችል፣ አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን ማወቅ የሠሪው ሥራ ነበር እንጂ የአያቴ አልነበረም። እኛ ግን ስማችንን እንቆርጣለን፣ ልደታችንን እናዛውራለን። እሱ አይስተካከልም፣ እኛ እንስተካከላለን። «እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው» የሚለው ሠራተኛ ደግሞ ያናድደኛል። አንተ ምን ታደርጋለህ? ለአለቃህ ንገር! አንድ ደብዳቤ ጻፍ! እኛን ደብዳቤ ስትጠይቅ መቼ ሰነፍክ? «ከወረዳዎ ደብዳቤ ያጽፉ» ለማለት አፍህ ይፈጥናል።

እና ፎቶ ኮፒው! ሲስተም ሲመጣ ወረቀት ይቀራል ተብለን ነበር። መታወቂያዬን ሰጠኋት። ቁጥሩን አስገባች። ፎቶዬ ስክሪኑ ላይ ተንጣለለ። አየችው፣ አየችኝ። «ኮፒ አልያዙም?» የያዝኩት ፊቴን ነው። በሩ ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሮጌ ማሽን፣ አንድ ጄኔሬተርና ጫት ጉንጩን የወጠረው አንድ ልጅ አለው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ እሱ ያነሳል። አገሪቱ ውስጥ ወድቆ የማያውቅ ሲስተም ያ ነው።

አይ፣ ሌላም አለ፤ የደላሎቹ። ይህችው ቃል ሰፈር ስትወርድ ትርጉሟ ይገለበጣል። «በሲስተም ንገራት» ማለት ሳታስቀይማት ንገራት ነው። «ሲስተም አለው» ማለት አቋራጩን ያውቃል ነው። «ሲስተማቲክ ነው» ደግሞ ምስጋና ይሁን ስድብ በተናጋሪው ቅንድብ ይለያል። ቤት ያከራየኝ ደላላ «አታስብ ጋሼ፣ በሲስተም እንይዘዋለን» ብሎኝ ነበር። በሲስተም ያዘው። ከእኔም ኮሚሽን ወሰደ፣ ከአከራዬም ወሰደ። አከራዬ ከጠየቁት ኪራይ በላይ ነግሮኝ የመጀመሪያውን ወር ልዩነት ራሱ ወስዷል። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ከአከራዬ ነው፤ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ጋሼ፣ ቤቱ ተስማማዎት?» ይለኛል። ተስማማኝ፣ ምን ይላሉ።

የረዳቱ ነገር ተረሳ። ይረሳ፣ አምስት ብሩን ይብላው። ቢያንስ የሱ ሲስተም የት እንዳለ አይቻለሁ፣ ግራ ኪሱ ውስጥ ነው። ደግሞ ይህን እየጻፍኩ ማሰብ አልቻልኩም። ጎረቤት ሠርግ አለ፤ ድንኳን ተጥሎ ሳውንድ ሲስተም ገብቷል። ከጠዋት ጀምሮ «ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ ሁለት» እያለ የቤቴን መስኮት ያንቀጠቅጣል። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጄኔሬተሩን አስነሱት። በሲስተም ቀንሱልን ልላቸው ሄድኩ። «ኧረ ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!» ብለው እጄን ይዘው ከስፒከሩ ሥር አስቀመጡኝ። የምናገረውን ማንም አልሰማም። ክትፎው ግን አሪፍ ነበር።